የደብረ ሲና አስተናጋጆችና በስልክ ውስጥ ያለው ምግብ ቤት

ስለ ምግብ ቤት ጌሞች አስተያየት ሲሰጥ ከሁሉ በላይ የማምነው በሥራው ሳህን የተሸከመ ሰው ነው። ጌሞቹን ታውቋቸዋላችሁ። ደንበኛ ይገባል፣ ቦታ ትሰጡታላችሁ፣ ትዕዛዝ ትቀበላላችሁ፣ ምግቡን ታደርሳላችሁ፣ ሂሳብ ትቀበላላችሁ፣ ጠረጴዛ ታጸዳላችሁ። ከደንበኛው ራስ በላይ የተደረደሩት ልቦች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ሲያልቁ ሰውየው ተቆጥቶ ይወጣል። ጨዋታው በሙሉ ጊዜን ማብቃቃት ነው። ስለ እነሱ ሲወራ ግን አብዛኛው ሰው «ደስ ይላል»፣ «ማስታወቂያ በዛበት»፣ «ሱስ ያስይዛል» ከማለት አያልፍም። እኔ ባደግሁበት አካባቢ የምሰማው ሙግት ከዚህ የጠለቀ ስለሆነ ልጽፈው ፈለግሁ።

ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን ዋሻ ሾልኮ፣ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር የሚያገኛት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገደኛ የሚያስታውሳት በመኪናው መስኮት በኩል በሚዘረጋለት ቆሎ ነው። እኛ የምግብ ቤት ልጆች ግን የምናውቃት በአውቶቡስ ሰዓቶቿ ነው። ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሳው ለቁርስ ይደርሳል፣ ከደሴ የተነሳው ለምሳ። በሩ ሲከፈት ሙሉ አውቶቡስ ሰው ባንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ቃል ጋር የሚደረግ ግብግብ ነው።

እናታችን የከፈተችውን ምግብ ቤት ዛሬ የምታስተዳድረው ታላቅ እህቴ ናት። እሷም፣ አብረዋት የሚሠሩት አስተናጋጆችም፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅም እነዚህን ጌሞች ይጫወታሉ። አውቶቡሶቹ ካለፉ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ ወለሉ ተወልውሎ ሽንኩርቱ ተልጦ ሲያልቅ፣ ስልኮቹ ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና በስልኩ የሚያስተናግደው ለምንድን ነው? ከአስተናጋጆቹ አንዷን ይህን ጠይቄአት የሰጠችኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሌቭሉ ሲያልቅ ስንት ሰው እንዳስተናገድኩ፣ ስንቱ ደስ ብሎት እንደወጣ ይነግረኛል። እዚህ ግን አውቶቡሱ ይሄዳል፣ በቃ።»

ከዚህ የተሻለ የጌም ትችት አላነበብኩም። እነዚህ ጌሞች የያዙት ትልቅ ነገር ኮከቡ ወይም ቀለሙ አይደለም፤ ሥራ ማለቂያ እንዳለውና ማለቁን የሚነግርህ አካል መኖሩ ነው። ሠርቶ የሚያድር ሰው ይህን አያገኝም። ጠዋት የጠገበው መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ረስቶሻል፤ አንቺም ፊቱን ረስተሽዋል።

የጌሞቹን ዘር ወደ ኋላ ብንቆጥር በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ታፐር ላይ እንደርሳለን። ባሊ ሚድዌይ ያወጣው፣ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ሆነህ በረጅም ባንኮኒ ላይ ብርጭቆ የምታንሸራትትበት የሳንቲም ማሽን ጌም ነበር። ለዛሬዎቹ መልክ የሰጣቸው ግን ዳይነር ዳሽ ነው። ኒው ዮርክ ያለ ጌምላብ የተባለ ስቱዲዮ ሠርቶት ፕሌይፈርስት አሳተመው። ዋናዋ ሰው ፍሎ ትባላለች፤ የአክሲዮን ገበያ ቢሮ ሥራዋ አንገሽግሿት ወጥታ ያረጀ ምግብ ቤት የምታነሳ ሴት ናት። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በዛ። በ2006 የኤሚሊን ታሪክ የሚተርከው ዴሊሽየስ፣ በ2007 የሩሲያው አላዋር ያወጣው የእርሻ ጌም ፋርም ፍሬንዚ፣ በ2014 ደግሞ ሊቱዌንያ ያለው ኖርድከረንት ለስልክ የሠራው ኩኪንግ ፊቨር መጡ።

ወደ እኛ የደረሱት በቅደም ተከተላቸው አይደለም። መጀመሪያ ያየናቸው በኮምፒውተር ቤት ነው፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት በሚሠራበት ቤት፣ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው እየተቀዱ። የፋርም ፍሬንዚ ዶሮዎች ሣር ካልጠጣላቸው ይራባሉ፤ ውሃውን ከጉድጓድ መቅዳት ያለብህ አንተ ነህ፤ በመሀል ድብ ከሰማይ ዱብ ይልና እንስሳቱን ይበታትናል። ከመንዝ የመጣ አንድ በግ አርቢ ዘመዳችን ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ የድቡ ነገር አልገባውም ነበር፤ የሣሩን ነገር ግን ወዲያው ያዘ። «ከብቱን ከመግዛትህ በፊት ሣሩን አጠጣ» ይለኝ ጀመር። ልክ ነበር፤ ወርቁን ሜዳሊያ የሚያስገኘው ያ ነው።

ወደ ዳይነር ዳሽ ልመለስ፤ ቤታችን ውስጥ እውነተኛ ክርክር ያስነሳው እሱ ነው። በዚህ ጌም ደንበኞች ዓይነት ዓይነት ናቸው። ነጋዴ የሚመስሉት ችኩሎች ናቸው፣ ጉርሻቸው ግን ደህና ነው። አረጋውያኑ ታጋሾች ናቸው፣ ጉርሻቸው ትንሽ ነው። ሂሳቡን የገባው ተጫዋች ምን ያደርጋል? ችኩሉን ያስቀድማል፣ ሽማግሌውን ያስጠብቃል። ይህ ስህተት ሳይሆን ብልሃት ነው፤ ጌሙ ራሱ በነጥብ እያባበለ የሚያስተምርህ ብልሃት።

ይህን ብልሃት እየተጠቀምኩ ስጫወት እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታይ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች። ያን ቀን ግን፣ «ሽማግሌዎቹን ለምንድን ነው አቁመህ የምትተዋቸው?» አለችኝ።

«ትዕግሥተኞች ስለሆኑ እኮ ነው፣ እማዬ። ልባቸው ቶሎ አያልቅም።»

«ትዕግሥተኛ ስለሆነ ይበደላል እንዴ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። እህቴ እስከ ዛሬ የትኛውንም የምግብ ቤት ጌም ስትጫወት ሽማግሌ የሚመስል ሥዕል ካየች መጀመሪያ የምታስቀምጠው እሱን ነው። ነጥብ እንደምታጣ ታውቃለች። ያጣችውን በሌላ ቦታ፣ በፍጥነቷ ታካክሳለች፤ ሦስቱን ኮከብ የምታገኘው ሽማግሌዎቹን አስቀድማ ነው።

ከአስተናጋጆቹ ትንሿ ግን በዚህ አትስማማም፣ ምክንያቷም ቀላል አይደለም። አውቶቡስ ላይ ታጋሽ የሚባል ሰው የለም ትላለች። የሽማግሌው ሃያ ደቂቃና የወጣቱ ሃያ ደቂቃ እኩል ያልቃሉ፤ ረዳቱ ሲጠራ ሁሉም ይነሳል። ስለዚህ ሽማግሌውን የምታስቀድመው አክብራው ብቻ ሳይሆን ቀስ ብሎ ስለሚበላ ነው። ቶሎ የሚበላውን ኋላ ብታደርሺለት ይደርሳል። እሱ ግን ዘግይቶ ከቀረበለት ግማሹን ትቶ ይነሳል። ይህን ስትናገር ሰምቼ ተደነቅሁ፤ ምክንያቱም ጌም ሠሪዎቹ ያላሰቡት አንድ መለኪያ ነው የጨመረችው። በጌሞቹ ውስጥ ሰው ምግብ እስኪመጣለት የሚታገሠው ጊዜ ከአንዱ አንዱ በግልጽ ይለያያል። ደብረ ሲና ላይ የሚለያየው የመብላት ፍጥነት ነው፣ መነሻው ሰዓት ለሁሉም አንድ ነው። በዚህ ሕግ ጌም ቢሠራ ሽማግሌውን ማስቀደም ደግነት ብቻ ሳይሆን ምርጥ ስልትም ይሆን ነበር።

የሚያመሰግኑት ነገርም አለ። ዳይነር ዳሽ አንድ ዓይነት ተግባር በተከታታይ ስትፈጽም ነጥብ ያባዛልሃል፤ የሁሉንም ትዕዛዝ ሰብስበህ ባንዴ ስታስገባ፣ የሁሉንም ሂሳብ ባንድ ዙር ስትቀበል። ይህን ሲያዩ አስተናጋጆቹ «ይሄን የሠራው ሰው አስተናግዶ ያውቃል» አሉ። የሠለጠነች አስተናጋጅ ባዶ እጇን ወደ ኩሽና አትሄድም፤ ስትሄድ ያለቀ ሳህን፣ ስትመለስ የደረሰ ምግብ ትይዛለች። ይህ በቃል የማይነገር፣ እግር ብቻ የሚያውቀው እውቀት ነው፣ ጌሙም አክብሮታል። እኔም ለዚያ ጌም ያለኝ ፍቅር ከዚህ የመጣ ነው። ከመንገድ ዳር ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሙያ ወስዶ፣ ይህ ሥራ ጭንቅላት ይፈልጋል ብሎ ለዓለም አሳየ።

ከዚያ ግን ጌሞቹ ያላዩት ብዙ የእኛ ቤት ነገር አለ። እነዚህ ጌሞች ለአንድ ሰው አንድ ሳህን ብለው ነው የሚነሱት። እኛ ጋ አራት ሰው በአንድ ትሪ ይበላል፤ አራት ትዕዛዝ አንድ ጉዞ ይሆናል፣ ግን ጓደኛቸው እጁን ታጥቦ እስኪመጣ ሦስቱ አይጀምሩም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ግማሹ የምግብ ዝርዝር ይጠፋል፤ ጥብስና ዱለቱ ይቀራል፣ በያይነቱና ሽሮ ብቻ ይጠራል፣ ያው ምድጃ ያው አስተናጋጅ ሌላ ቤት ይሆናል። የደሴ መንገድ ስለሆነ ከአንዱ አውቶቡስ የሚወርደው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። ሥጋ የሚበላው እያንዳንዱ ወደየምግብ ቤቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ስንት ሰው እንደወረደ ሳይሆን ስንቱ ወደ እኛ እንደሚመጣ ቶሎ መገመት አለበት። ሂሳብ ላይ ደግሞ ሁለት ወዳጆች «በእግዚአብሔር እኔ ልክፈል» ተባብለው ሲታገሉ ጠረጴዛው አይነሳም። ይህ ሁሉ ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ በሰከንድ ሊለካና ሊጫወቱት የሚችል ነገር ነው፤ እስካሁን ያየኋቸው ጌሞች ግን አልያዙትም።

አሁን ወደሚያናድደው ክፍል ልግባ።

የኮምፒውተር ጌሞቹ ሲሸጡ የነበሩት ግልጽ በሆነ መንገድ ነበር። 1 ሰዓት በነጻ ትሞክራለህ፤ ከወደድከው 20 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ፣ ከዚያ ጌሙ ያንተ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አፕል በነጻ በሚወርዱ መተግበሪያዎች ውስጥ ግዢ እንዲኖር ከፈቀደ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ በስልክ የምናገኛቸው አብዛኞቹ በነጻ ይወርዳሉ፣ ከዚያ በጌሙ ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል አልማዝ ይሸጣሉ። አልማዙ ምን ይገዛል? ምድጃው ቶሎ እንዲያበስል፣ ደንበኛው ረዘም አድርጎ እንዲታገሥ፣ ሌቭሉ ላይ ተጨማሪ ሰከንዶች እንዲኖሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከተሸነፍክ እንደገና ለመሞከር ሰዓት ያስጠብቁሃል፤ መጠበቁንም በአልማዝ ማሳጠር ይቻላል።

እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ የሠራውን ልንገራችሁ። ከእነዚህ ጌሞች በአንዱ ማለፍ ያቃተው ሌቭል ነበር። ስንፍናው ነው ብሎ አልተወውም፤ ወረቀት አውጥቶ ስንት ደንበኛ እንደሚመጣ፣ ምድጃው ባንድ ጊዜ ስንት እንደሚይዝ፣ አንዱ ለመብሰል ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ጻፈ። አባዛ፣ ደመረ። አንዲት ስህተት ሳይሠሩ ቢጫወቱ እንኳ በዚያ ምድጃ የተጠየቀው ገቢ አይሞላም። ወረቀቱን ለእህቴ አሳያት። እሷም ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «አሃ፣ አስተናጋጇ ስላልፈጠነች አይደለማ» አለች።

የተጫዋቾቹ ፍርድ እዚህ ላይ አንድ ነው፣ እኔም ሙሉ በሙሉ እጋራዋለሁ። ከባድ ጌም ማንንም አያስቀይምም። ተሸንፈህ፣ የት ጋ እንደዘገየህ አይተህ፣ ደግመህ ስትሞክር ሽንፈቱ ያንተ ነው፤ ስታሸንፍም ድሉ ያንተ ነው። ሽንፈቱ አስቀድሞ የተሸጠልህ ሲሆን ግን ስትሮጥ የነበረው ለምንድን ነው? ጊዜን አብቃቁ ብሎ የጋበዘን ጌም ራሱ የጊዜ ነጋዴ ከሆነ ጨዋታው ይፈርሳል።

አብዛኞቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለንም። አልማዝ መግዛት ብንፈልግ እንኳ አንችልም። ይህ እንደ ጉድለት ይወራል፤ እኔ ግን የእኛን ሰፈር ተጫዋቾች ጥሩ ዳኛ ያደረጋቸው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። ሌላ አገር ያለው ሰው ሌቭሉ ሲከብደው ትንሽ ከፍሎ ያልፋል፣ ግድግዳ መኖሩንም ይረሳል። እኛ ግድግዳው ጋ እንቆማለን፣ እንዳስሰዋለን፣ በየት በኩል እንደተሠራ እናውቃለን። ዳታ አጥፍቶ መጫወት ማስታወቂያውን እንደሚያስቀር፣ የስልኩን ቀን ወደፊት ማዞር በአንዳንዱ ጌም መጠበቁን እንደሚያሳጥር፣ የትኛው መሣሪያ መጀመሪያ ቢሻሻል ያለ አልማዝ ሩቅ እንደሚያስኬድ፣ ይህን ሁሉ አስተናጋጆቹ ሽንኩርት እየላጡ ይወያዩበታል።

የአክስቴ ልጅ ግን፣ ስሌቱን የሠራው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ለጌም ሠሪዎቹ ይከራከራል። «ያኔ በፍላሽ እየተቀዳ ስንጫወት ለሠሪዎቹ ምን ደረሳቸው? 20 ዶላሩን ማን ከፈለ? ዛሬ ቢያንስ በነጻ በእጃችን ይገባል፣ የሚከፍለው ይከፍልልናል» ይላል። ይህ ክብደት ያለው ነገር ነው። ጌም የሚሠራ ሰው መብላት አለበት፤ ነጻ ባይሆን ኖሮ የእህቴ ቤት አስተናጋጆች አንዱንም ባላዩት ነበር። ስለዚህ ክፍያውን አልቃወምም። አዲስ ምግብ ቤት ይሽጡ፣ አዲስ ታሪክ ይሽጡ፣ ልብስና ጌጥ ይሽጡ። ሰከንዱን ግን ይተዉልን።

ሙግቱ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እህቴ ናት እንደገና የከፈተችው። «እኛስ ጊዜ እንገዛ የለም ወይ?» አለች። እውነቷን ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ምግብ ያልደረሰው ሰው ካለ ወደ ሹፌሩ ሄዳ «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ትለዋለች፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላታል። ሹፌሩና ረዳቱ ደግሞ በመንገዱ እንደተለመደው ሳይከፍሉ ነው የሚበሉት፤ መንገደኛውን ይዘው የመጡት እነሱ ናቸውና። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «ይኸው! አልማዙ የሹፌሩ ጥብስ ነው!»

ለብዙ ቀን አሰብኩበት፣ አሁንም ልዩነት አለ እላለሁ። የሹፌሩ ምግብ የሚቀርበው አውቶቡሱ ገና ሲቆም ነው፣ ምግብ የሚዘገይበት ሰው ይኑር አይኑር ሳይታወቅ። እሷም ሰው አቁማ፣ አስጨንቃ፣ ከዚያ መውጫውን አትሸጥለትም። አምስት ደቂቃዋ ደግሞ የምትገኘው በልመና ነው፤ ሹፌሩ ጣርማ በር ላይ ጉም እንዳለ ከሰማ አይሆንም ይላል፣ ያኔ ምግቡ በፌስታል ይታሰራል። የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት የሚችልበት ጊዜ ከተሸጠ ጊዜ ጋር አንድ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ይህን ማስረዳቴን አልተቀበለውም። እህቴ ግማሹን ተቀብላለች።

ከዚህ ሁሉ ክርክር የመጣ አንድ ሥራ አለ። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የሚማረው፤ የደብረ ሲናን ምግብ ቤት ጌም አድርጎ ለመሥራት በደብተሩ ላይ እየነደፈ ነው። የደንበኞቹ ልብ የለም፤ ያለው የአውቶቡሱ ሰዓት ብቻ ነው። በየደንበኛው ራስ ላይ የሚታየው ምን ያህል ቶሎ እንደሚበላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ዝርዝሩ ይለወጣል። ሹፌሩን መለመን ይቻላል፣ መልሱ ግን በአየሩና በመንገዱ ይወሰናል፤ የሚገዛ ነገር የለም። በዚህ ሁሉ ተስማምተዋል።

ያልተስማሙት በትሪው ላይ ነው። አራት ሰው በአንድ ትሪ ሲበላ የመብላት ፍጥነታቸው በአንድ መስመር ይታይ ወይስ በአራት? እሱ አራት ነው ይላል፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላልና፣ ተጫዋቹ ማወቅ አለበት። እህቴ አንድ ነው ትላለች፤ አብሮ የሚበላ ሰው ቀርፋፋውን እያየ እጁን ያዘገያል፣ ትልቁ ሳይነሳ ማንም አይነሳም። እኔ ለእህቴ ነው ድምፅ የሰጠሁት። አስተናጋጆቹ ደግሞ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብለዋል፤ ክላክስ ሲነፋ አይታችሁ አታውቁም ወይ ነው የሚሉት። ስለዚህ የሚቀጥለው የደሴ አውቶቡስ ሲመጣ እሱ ደብተሩን ይዞ ጥጉ ላይ ይቀመጣል፣ ትሪዎቹን ይቆጥራል።